የሞኝ ጥያቄ የትኛው ነው?

እንቆቅልሽ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? ጨዋታው የሚጀምረው በአንድ ቃል ነው። ጠያቂው የሚጠይቀው ሴት ልጅን ከሆነ «እንቆቅልሽ»፣ ወንድ ልጅን ከሆነ «እንቆቅልህ» ይላል። ተጠያቂው ወዲያው «ምን አውቅልህ» ወይም «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይመልሳል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «በር የለው፣ መስኮት የለው፣ ውስጡ ግን ሙሉ ነው» ሲባል መልሱ እንቁላል ነው። መልሱ ከጠፋ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ያላወቀው ልጅም «ጎንደርን ሰጠሁህ» ይላል። ጠያቂው ጎንደር ገብቶ ምን እንደ በላ፣ ምን እንደ ጠጣ፣ እንዴት እንደ ከበረ እየዘረዘረ ይኮራል፤ ያላወቀውን ልጅ ደግሞ ትንሽ ይሰድበዋል። ስድቡ ሲያልቅ መልሱን ይነግረዋል።

ይህን ጨዋታ የምወደው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንም ሰው፣ የሰፈሩ አንደኛ ጎበዝ እንኳ ቢሆን፣ ወደ ጨዋታው ለመግባት «ምን አውቅልህ» ማለት አለበት። «እኔ ምን አውቄ» እንደ ማለት ነው። ይህን ያላለ ልጅ ጥያቄ አይጠየቅም። ሁለተኛ፣ አገር የሰጠ ልጅ ባዶ እጁን አይቀርም። ጎንደርን አጥቷል፤ መልሱን ግን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ነገ ያንኑ እንቆቅልሽ ሌላ ልጅ ጠይቆ ጎንደርን ያስመልሳል።

እኔ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሚማሩበት ትምህርት ቤት እጃቸውን አውጥተው ያሻቸውን ይጠይቃሉ። አስተማሪያቸውም «ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው» ይላቸዋል። ቅዳሜ እኔ ዘንድ ሲመጡ ግን እነዚያው ልጆች ዝም ይላሉ። «ገባችሁ?» ስላቸው «አዎ» ይላሉ። «እስቲ ምን ማለት ነው?» ስል ሁሉም ጣሪያውን ያያል።

በመጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር ብል ውሸት ነው። ልጆቹ ሰነፎች እንዳልሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስታውቃል። ምክንያቱን በግልጽ የነገረኝ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነው። «በእንግሊዝኛ ስጠይቅ ጎበዝ እባላለሁ፤ በአማርኛ ከጠየቅኩ ግን አለማወቄ ይታወቅብኛል» አለኝ።

ልጁ ልክ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ «የልጅ አዋቂ» ይባላል። «ነገር አታብዛ»፣ «አርፈህ ተቀመጥ» ይባላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሳቃችን ነው። ልጁ «ቀረ» ለማለት ፈልጎ «ከረ» ሲል፣ «ጠባ» ለማለት ፈልጎ «ተባ» ሲል አክስቶች ሁሉ ይስቃሉ። የሚስቁት ወደውት ነው፤ ልጁ ግን ፍቅሩን አያይም፣ ሳቁን ነው የሚሰማው። ሦስት ጊዜ የተሳቀበት ልጅ አራተኛ ጊዜ አይጠይቅም። ወላጆች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ እባካችሁ ሳቁን ለሌላ ነገር አቆዩት።

ለመሆኑ ሞኝ ማን ነው? በአማርኛ የማያውቅ ሰው «አላዋቂ» ይባላል። ይህ ከሞኝ ይለያል። አላዋቂ የሚጎድለው እውቀት ነው፤ ሲነግሩት ይሞላል። ችግር የሚመጣው አላዋቂው ሳይጠይቅ ሥራ ሲጀምር ነው። ለዚህ ነው «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚባለው። መሳም የማይችል ሰው ሊስም ሄዶ የሰውን ፊት በንፍጥ ይቀባል ማለት ነው። (ክፍል ውስጥ ይህን ተረት ያልወደደ ልጅ አላጋጠመኝም።) ስለ ሞኝ ደግሞ እንዲህ ይባላል፦ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።» አስቡት። ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር በራሱ ጊዜ አይለወጥም። ስህተት ቢጻፍበት ስህተቱን ይዞ መቶ ዓመት ይኖራል፤ «ይህ ነገር እውነት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ሞኙም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን ሞኝን የለዩት ባለማወቁ አይደለም፤ የያዘውን ባለመልቀቁ ነው። ጥያቄ የጠየቀ ሰው ደግሞ በእጁ ያለውን ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ አስቀምጧል።

አንድ ፊደል ብቻ የሚለያያቸው ሁለት ቃላት አሉ፦ «ብልህ» እና «ብልጥ»። ልጆቼ ሁልጊዜ ያምታቷቸዋል። ብልህ አስተዋይ ሰው ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ያያል። ብልጥ ደግሞ ለራሱ የሚያውቅ፣ ሌላውን የሚቀድም ሰው ነው። «ብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል» ይባላል። ሁለቱም ይጠይቃሉ። ብልህ የሚጠይቀው ለማወቅ ነው፤ ብልጥ የሚጠይቀው ሰው ለመያዝ ወይም ሰው ለማሳቅ ነው። አንድ የቆየ ቀልድ አለ። አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ መንገድ ላይ አህዮች የሚነዱ ሴት አገኘና «እንደምን አደሩ፣ የአህዮች እናት?» አላቸው። ሴትዮዋም ሳይቆጡ «ደህና አደርክ፣ ልጄ?» አሉት። ተማሪዎቼ እስኪስቁ አምስት ሰከንድ ያህል ይወስድባቸዋል። ከዚያ አንዱ ይገባዋል፤ ሌሎቹ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁታል። ለነገሩ በዚያን ቀን በአማርኛ የጠየቁት የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

እንግዲህ የሞኝ ጥያቄ ካለ የዚያ ሰውዬ ጥያቄ ነው። «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» የሚለው አይደለም።

አሁን ወደ ራሱ «ጠየቀ» ወደሚለው ቃል ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም ይህ ቃል በአማርኛ የሚሠራው ሥራ በእንግሊዝኛ ከምታውቁት ይሰፋል። የታመመ ሰው ጋ ሄዶ ማየት «በሽተኛ መጠየቅ» ይባላል። የወለደች ሴት ቤት መሄድ «አራስ መጠየቅ» ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ ዘመድ ቤት መግባት «ዘመድ ጥየቃ» ነው። ሆስፒታል በር ላይ ፔርሙስና ምሳ ዕቃ ይዘው የሚቆሙት ሰዎች «ጠያቂዎች» ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች ስለ በሽታው ዝርዝር መረጃ አይፈልጉም። ገብተው አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ «ተሻለህ?» ይላሉ፤ «እግዜር ይማርህ» ወይም «አላህ ያሽርህ» ብለው ይወጣሉ። «ጠያቂ የለውም» የተባለ ሰው ደግሞ በሩን የሚያንኳኳለት የሌለ ሰው ነው። በአማርኛ ሊባሉ ከሚችሉ አሳዛኝ ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ይቅርታም የሚጠየቅ ነገር ነው። ኃላፊነት ያለበት ሰው ደግሞ «ተጠያቂ» ይባላል፤ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት ማለት ነው። በድሮው ፍርድ፣ «በልሃ ልበልሃ» በሚባለው የክርክር ሥርዓት፣ ተሟጋቾች ሰው በተሰበሰበበት ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር።

ሰላምታችንም ያው ጥያቄ ነው። «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው? እናትሽ ደህና ናት? ሰላም ነሽ?» ተብላችሁ የትኛውን እንደምትመልሱ ጨንቋችሁ አያውቅም? አንድ ተማሪዬ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በተራ መልስ ሲሰጥ፣ ጥርሱን እንደሚያመው ጭምር ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ። ለእነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች «ደህና፣ ይመስገን» ይበቃል። መረጃ ለመሰብሰብ አይደለም፤ በቃላት በር ማንኳኳት ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የ14 ዓመት ተማሪዬ ክፍሉ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ቀረች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አያቴ አፈር መሆን ለምን ትፈልጋለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አያቷ ደሴ ነው የሚኖሩት። በስልክ ሲያወሩ ሁልጊዜ «አፈር ስሆን፣ ብዪ»፣ «አፈር ስሆን፣ ደውዪልኝ» ይሏታል። ልጅቱ «አፈር» ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሰው ሲሞት የሚገባበት ነው። ለብዙ ዓመታት አያቷ ሞት የሚመኙ መስሏት «እሺ፣ እሺ» እያለች ስልኩን ስትዘጋ ኖራለች።

«አፈር ስሆን» ልመና ነው። አንድ እናት ልጇን አጥብቃ ስትለምን «ከእግርህ በታች አፈር ልሁንልህ፣ ይህን አድርግልኝ» ማለቷ ነው። ይህን ነገርኳት። ግን አንድ ነገር ጨመርኩ፦ «ለምን እሳቸውን ራሳቸውን አትጠይቂያቸውም?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። ጠይቃቸው ነበር። አያቷ በጣም ሳቁ፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ ለትልቁ ልጃቸው የተናገሩበትን ጠዋት ነገሯት። ልጁ ቸኩሎ ሊወጣ ሲል «አፈር ስሆን፣ ቁርስህን ብላ» አሉት። አቦሉን እንኳ ሳይጠጣ ወጣ፤ አልተመለሰም። ጊዜው 1970 ዓ.ም. ነው። ተማሪዬ እናቷ ወንድም እንደነበራት እስከዚያ ቀን ድረስ አታውቅም ነበር። «ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የመስጠት መብት የእናቷ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ዘመኑን ግን ነገርኳት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ዝምታ ከዚያ ዘመን ይጀምራል። 1969 እና 1970 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር 1977 እና 1978) በደርግ መንግሥት ጊዜ «ቀይ ሽብር» የተባለው ግድያ የተካሄደባቸው ዓመታት ናቸው። እጅግ ብዙ ወጣት ታስሯል፣ ተገድሏል። ዛሬ አዲስ አበባ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሙዚየም አለ። በዚያን ጊዜ ወሬ እየሰማ ለመንግሥት የሚያደርስ ሰው «ጆሮ ጠቢ» ይባል ነበር። «ግድግዳም ጆሮ አለው» እየተባለ በገዛ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ይወራ ነበር። «ልጅሽ የት ነው? ጓደኞቹ እነማን ናቸው?» ለተባለች እናት ብልህነት «አላውቅም» ማለት ነበር። ስንቅ ይዛ እስር ቤት ልጇን ልትጠይቅ የሄደች እናት ደግሞ አንድ ቀን «ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ» ትባላለች። ብዙ ቤተሰብ የልጁን ሞት ያወቀው በዚህ መንገድ ነው። ለምን ብሎ መጠየቅ አይቻልም ነበር።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ጥያቄ ለብዙ ስደተኛ ጥሩ ትዝታ የለውም። በአማርኛ «ምርመራ» የሚለው ቃል ሐኪም የሚያደርገውም፣ ፖሊስ የሚያደርገውም ነው። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው አንድ ነገር በተለያየ መንገድ ደጋግሞ ይጠየቃል፤ መልሱ ከመልሱ ጋር ይመሳከራል። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ ወሮቻችንም 13 ናቸው። ቀኑን ሲያሰላ የተሳሳተ ሰው ውሸታም ሊባል እንደሚችል እያሰበ ነው የሚመልሰው። ቤይሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ ያሳደገቻችሁ እናት ካለችም፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዞባት የኖረችበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ወጥ እየሠራ ሳለ ልጁ ድንገት «ለምን ከአገራችሁ ወጣችሁ?» ሲለው የሚሰማው የልጁ ድምፅ ብቻ አይደለም።

ታዲያ አትጠይቁ ማለቴ ነው? በጭራሽ። አጠያየቁን ተማሩ ማለቴ ነው። በአማርኛ «ለምን» ጠንካራ ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜ ወቀሳ ይመስላል። «ለምን መጣችሁ?» እና «ስትመጡ እንዴት ነበር?» የሚሉት ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መልስ ስጡ ይላል፤ ሁለተኛው አጫውቱኝ ይላል። «እስቲ» የምትል ትንሽ ቃልም አለች፤ ጥያቄን ታለሰልሳለች። «እስቲ ስለ ልጅነትሽ ንገሪኝ» ብላችሁ ሞክሩ። ለአያት ወይም ለማታውቁት ትልቅ ሰው ደግሞ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» ብሎ መጀመር ያምራል። ፈቃድ የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለት ይችላል፤ እምቢ ማለት እንደሚችል ሲያውቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይናገራል። ጊዜውም ቦታውም ወሳኝ ነው። ከልምዴ ጥሩው ሰዓት ቡና ሲፈላ ነው፤ እጅ ሥራ ይዟል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ግድ አይደለም፣ ከአቦል እስከ በረካም ረጅም ጊዜ ነው። መልሱ ዝምታ ከሆነ ተዉት። በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው አልጋው አጠገብ ዝም ብሎ እንደሚቀመጠው፣ ተቀመጡ።

የት ልጀምር ለምትሉኝ፣ በጣም ቀላል የሚመስል ጥያቄ አለ፦ የአያት አባት ስም ማን ነው? እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የእኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም እያልን ወደ ኋላ እንሄዳለን። ፓስፖርት ላይ የሚጻፉት ሦስት ናቸው። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ ስንመጣ ደግሞ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ልጅም የልጅ ልጅም በዚያው ስም ይጠራል። አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ስም ወረቀት ላይ የሉም። ያሉት በሽማግሌዎች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ድሮ በብዙ ክርስቲያን ቤተሰብ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠር ነበር፤ ለዚህ ሲባል የሰባት አያት ስም በቃል የሚያውቅ ሰው በየቤተሰቡ አይጠፋም ነበር። የእናቶች ስም ደግሞ ጭራሽ አይጻፍም። እኔን ቢጠይቁኝ ከዚያ መጀመር ይሻላል፦ የአያታችሁ እናት ማን ትባል ነበር?

በዚህ ሴሚስተር ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው የቤት ሥራ ይህ ነው። ሰባት ስም በአባት በኩል፣ የቻሉትን ያህል በእናት በኩል። ጎግል አይመልሰውም፤ የግድ ስልክ መደወል አለባቸው። አንዷ ልጅ የእናቷ አያት ሁለት ስም እንደነበራቸው፣ አንዱ የቤት ሌላው የክርስትና እንደሆነ ሰማች፤ ስታገባ አማቷ ያወጡላት ሌላ ስምም ነበር አሏት። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ ለአንድ ሴት ሦስት መስመር ወሰደባት።

የ15 ዓመቱ ልጅ፣ ያ «አለማወቄ ይታወቅብኛል» ያለኝ፣ አምስተኛው ስም ላይ ቆሟል። አባቱ እስከ አራት ነው የሚያውቁት። ፊደላችን የራሱ የጥያቄ ምልክት እንዳለው፣ ሦስት ነጥብ ከላይ ወደ ታች የተደረደረ፣ ዛሬ ግን ብዙም እንደማይጻፍ ነግሬያቸው ነበር። አምስተኛው ቦታ ላይ እሷን ጽፎ መጣ፦ ፧። ቀጣዩ የሚጠየቁት የአያቱ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ገጠር ነው የሚኖሩት። ስልካቸው የሚይዘው ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ብቻ ነው። በእኛ ሰዓት ሌሊት ይሆናል፤ ልጁ ደወል ሞልቶ ይተኛል።